ይድረስ ለክቡር የዓይነ ስውራን ንባብ ክፍል ቁልፍ

ባሉበት፣ ጎንደር

ጉዳዩ፦ አድራሻዎን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከበሩ ውጭ ደኅና ነን።

ትናንት በባጃጅ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጥቼ ነበር። "ቁልፉን የያዘው ልጅ አዘዞ ለቅሶ ሄዷል" ተባልኩ። በለቅሶ ማን ይከራከራል? ነፍስ ይማር አልኩ። እርስዎ ግን ከሟቹ ጋር ምን ዝምድና ነበረዎት? ወይስ ዕድር ገብተዋል?

ይህን ሳሰላስል ሠራተኛዋ አብሮኝ የመጣውን የጎረቤት ልጅ "ምን ፈልጎ ነው?" አለችው። አጠገቧ ቆሜያለሁ። ጆሮዬም አፌም ይሠራል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪው ስለ ማስተርስ ጥናቴ ማብራሪያ ሰጠ፤ ደግሞ ጥሩ አድርጎ! "እኔን ጠይቂኝ እንጂ" ስላት ደነገጠች። ወንበር አመጣችልኝ። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? "እስኪመጣ ጋዜጣ ላምጣልህ?" በደግነት ነው እኮ። ወረፋ ላይ የነበሩት ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ልጁ ጋዜጣውን ተቀብሎ የጨረታ ማስታወቂያ ያነብልኝ ጀመር። ያገለገሉ ጎማዎች ሽያጭ ላይ ስንደርስ የምሳ ሰዓት ሆነና ጥበቃው አስወጣን።

ነጭ በትሬን "ዱላ ክልክል ነው" ብሎ የቀማኝን ፈታሽ ይቅር ብያለሁ። "በፍላሽ ውሰደው" የተባልኩት ፒዲኤፍም የገጽ ፎቶ ሆኖ ተገኘ። የኮምፒውተሩን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደር፣ ደግሞ ፎቶን እንደ ጽሑፍ በቀላሉ አያነብም። ይሁን።

እርስዎ ግን ምን እንደቆለፉ ያውቃሉ? ጆውስ የሚባለው ስክሪን ሪደር የተጫነበት ኮምፒውተር ውስጥ አለ። የብሬል መጻሕፍት አሉ። መጽሐፍን ለእኛ ወደ ብሬል ወይም ወደ ድምፅ ለመቀየር የባለመብቱን ፈቃድ መለመን እንዲቀር፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ማራኬሽ ላይ ዓለም አቀፍ ስምምነት ጸደቀ። ኢትዮጵያም በ2020 ገባችበት። የደራሲው ነገር በሕግ አለቀ። የቀረው ያንተ ፈቃድ ነው። አዎ፣ አንተ ብያለሁ! የጥናቴ ማስረከቢያ ቀን ለቅሶ እስኪወጣ አይጠብቀኝም። የክፍል ጓደኞቼ ዋናው አዳራሽ ገብተው ያነባሉ፤ እኔ ኮሪደር ላይ ጎማ እጫረታለሁ። የዚያ አዳራሽ ቁልፍ አንድ ቀን ቀብር ሄዶ ያውቃል?

ወደ ክብርዎ ልመለስ። ፒያሳ ቁልፍ የሚቀርጹ ልጆች አሉ። እባክዎ አንድ መንትያ ይኑርዎ። ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ፣ ደረሰኝም አመጣለሁ። ሦስት ፕሮፎርማ ግን አልሰበስብም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለያዘዎት ኪስ
ለዋናው አዳራሽ ቁልፍ፣ ተሞክሮ እንዲያካፍልዎ