ፓርቲ መብዛቱ ለትንሽ አገር ቅንጦት አይደለም

አንድ ጸሐፊ «ሕዝቡ ትንሽ ለሆነ አገር ሁለት ፓርቲ ይበቃል» ብለዋል። በዚህ አልስማማም። የፋሮ ደሴቶችን እንይ። በዴንማርክ ሥር ሆና ራሷን የምታስተዳድር፣ ሕዝቧ ከ50 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ፣ ዓሣ ሸጣ የምታድር አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 ምርጫ 33 መቀመጫ ባለው ፓርላማዋ ስድስት ፓርቲዎች ገብተዋል።

ለምን ስድስት? እዚያ ክርክሩ የግብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከዴንማርክ ጋር እንቆይ ወይስ እንለይ የሚለውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1946 ሕዝበ ውሳኔ ነፃነት በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። የዴንማርኩ ንጉሥ ግን ፓርላማውን በተኑት፤ በተከታዩ ምርጫ መለየትን የሚቃወሙት አሸነፉ። የራስ አስተዳደር ሕጉ የመጣው በ1948 ነው። ዛሬም አንድ ግራ ዘመም መራጭ ነፃነትን ሊደግፍም ሊቃወምም ይችላል። ሁለት ፓርቲ ይህን ሁሉ እንዴት ይችለዋል?

ጥምረት ጣጣ እንዳለው አልክድም። በ2019 የተመሠረተው መንግሥት ሲጀምር የነበረው 17 መቀመጫ ብቻ ነው። በ2022 ጠቅላይ ሚኒስትሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ከሥልጣን አነሱ። የሚኒስትሩ ትንሽ ፓርቲ ጥምረቱን ጥሎ ወጣ፤ መንግሥቱም አብላጫውን አጣ። ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ልቤን የሚነካው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሕዝቡ ድምፁን ሰጠ። ግራ ዘመሞቹ ሶሻል ዴሞክራቶች ነፃነት ፈላጊ ከሆኑ ሁለት ፓርቲዎች ጋር ተስማምተው በ18 መቀመጫ አዲስ መንግሥት መሠረቱ። በትልቁ ጥያቄ የማይግባቡ ሰዎች በዓሣ ሀብቱና በበጀቱ ላይ አብረው መሥራት ችለዋል።