«ሀንግ ኦን» ስትለኝ ስልኩን ዘጋሁት

ይቺን ካልተነፈስኳት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከሦስት ቀን በፊት የሥራ ኢንተርቪው በስልክ ነበረኝ። ደሴ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ኔትዎርክ የምትይዘዋን ጥግ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። እናቴ እንዳትረብሸኝ ብላ የቆላችውን ቡና እንኳ ሳትወቅጥ ትታዋለች። የጠያቂዋ እንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ ቢሆንም ሁለት ጥያቄ ጥሩ አድርጌ መለስኩ። ከዚያ «ሀንግ ኦን አ ሴኮንድ» አለችኝ። እኔ የማውቀው «ሀንግ አፕ»ን ነው፣ ስልክ መዝጋትን። «ሀንግ» ስትል ልቤ ስንጥቅ አለ። በቃ አልፈለጉኝም ብዬ፣ አመስግኜ ዘጋሁት። መልሼ ብደውል ማን ያንሳ! እናቴ «አብሽሪ ልጄ» ትለኛለች፤ እኔ ግን እስካሁን እርር እላለሁ።

ሴትዮዋ እኮ ያለችኝ «አንዴ ቆዪማ» ነው!

«ሀንግ ኦን» ማለት ሰው ሲቀራረብ የሚባባለው «ቆይ» ነው። ፈረንጆቹ ነገር ሲያጠራጥራቸውም፣ እኛ «ቆይ ቆይ፣ ምን አልክ?» እንደምንለው ይሉታል። ባጃጅ ላይ ከሆነ ደግሞ «አጥብቀህ ያዝ» ይሆናል። «ሀንግ አውት» ከጓደኛ ጋር መዋል ነው። «ሀንግ» ለብቻው መስቀል ነው፤ «ሀንግ አፕ» ስልክ መዝጋት የሆነው ድሮ የስልኩ እጀታ ተነጋግረው ሲጨርሱ መንጠቆው ላይ ይሰቀል ስለነበር ነው። ይቺን ብቻ ክፍል ውስጥ ሰምቼ ቢሆን ዕድሜ ልኬን አልረሳትም ነበር።

12 ዓመት ተማርኩ። ከ9ኛ ክፍል ወዲህማ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ፓሲቭ ቮይስን ገልብጬ አውቀዋለሁ። ፍሬዛል ቨርብ፣ እንደ «ሀንግ ኦን» ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም የሚይዝበት፣ ግን ለፈተና የሚሸመደድ አንድ ወረቀት ነበር፤ ማን ለማን፣ መቼ እንደሚለው የነገረን የለም።

ደግሞ «ፍሬዛል ቨርብ ለእኛ ባዕድ ነው» ይሉናል። የምን ባዕድ! ከላይ «ቁጭ ብያለሁ» አላልኩም? «ዝም አለ»፣ «ብድግ አለ» ስንል «አለ» ምን ተናገረ? የወሎ ሰው እንግዳ ሲመጣበት «አረፍ በሉ» ይላል፤ «በሉ»ን ለብቻው የፈታ ፈረንጅ ምን ሊገባው ነው? ከዚህ ተነስተው ቢያስተምሩን በአንድ ቀን ይገባን ነበር።

ታናሽ ወንድሜ 10ኛ ክፍል ነው። ትናንት ደብተሩን ገለጥኩት። «ሀንግ፦ መስቀል» ይላል፤ ከሥሩ «ሀንግ ኦን፦ ላይ መስቀል»። በቀይ እስክሪብቶ ራይት ተደርጎበታል።