እርማት፦ የዋልካው ነጭ ጠጠር ከባሕር አልመጣም

ወንድሜ፣ «ዋልካ መሬት ሲቆፈር የሚወጣው ነጭ ጠጠር አገሩ ድሮ ባሕር እንደነበር ያሳያል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ስህተት ነው። ባሕር ትቶት የሄደ የኖራ ድንጋይ በአባይ ሸለቆና በመቀሌ ዙሪያ አለ፣ አልካድኩም። የዋልካው ጠጠር ግን እዚያው አፈሩ ውስጥ ያደገ ነው። ከሥሮች የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የገባበት የዝናብ ውኃ ካልሲየም አሟሙቶ ወደ ታች ይሰርጋል፤ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ካልሳይት የሚባል የኖራ ማዕድን ሆኖ ይቀራል። ይህ ከዓመት ዓመት ሲደራረብ ጠጠር ይሆናል። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ማውጣቱም ካርቦኔት (እንደ ኖራ ድንጋይ ያለ ውህድ) መሆኑን እንጂ የባሕር መሆኑን አይመሰክርም። እስቲ አንዱን ሰብረህ እየው፤ ዛጎል ሳይሆን ብዙ ጊዜ የራሱ የጥቁሩ አፈር ቅንጣት ነው ውስጡ የሚገኘው። በነገራችን ላይ፣ ሉሲ በተገኘችበት በአፋር ሐዳር ተመራማሪዎች የሉሲን ዘመን ሣርና ዛፍ የሚያጠኑት ከእንዲህ ዓይነቱ ጠጠር ጭምር ነው።