የከማል ኦል ሞልክን መቃብር ተዉት!

ሰሞኑን አንድ የአማርኛ የጉዞ ቪዲዮ ሰዉ ሁሉ ሲቀባበለው አየሁ። ልጁ ኢራን፣ ኒሻፑር ከተማ ደርሷል። ከገጣሚው ከአጣር ሰማያዊ ጉልላት አጠገብ የሠዓሊው የከማል ኦል ሞልክ መቃብር አለ። እዚያ ቆሞ «ይሄ የፈረንጅ ኮንክሪት ነው፤ አፍርሰው እንደ ጎረቤቱ የኢራን ጉልላት ቢሠሩለት ይሻላል» አለና አለፈ። ከሥሩ «ልክ ብለሃል» የሚለው ደግሞ መዓት ነው። በጣም አናደደኝ።

የቱ ነው የፈረንጁ? ንድፉን ያወጣው ሆሻንግ ሴይሁን የቴህራን ልጅ ነው። ፓሪስ ተምሯል፣ እሺ፣ ታዲያ ምን ይጠበስ? ሕንፃውን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ቅስቶቹ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ተሻግረው እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። የኢራን ገበያዎችና የድሮ ቤቶች በእንዲህ ያለ ቅስት ነው ጣሪያቸው የተሸፈነው፤ ሠዓሊው የተወለደባት ካሻን ደግሞ በዚህ ሥራ ስሟ የታወቀ ነው። ሴይሁን ያንኑ ቅስት በጡብ ፋንታ በስስ ኮንክሪት አነሳው። ላዩን እንደ መስጊዶቹ እየተቆረጠ በተገጣጠመ ሰማያዊ ሴራሚክ አለበሰው። መቃብሩ ላይ ያለውን የሠዓሊውን ፊት የቀረጸው የራሱ ተማሪ አቦልሐሰን ሰዲቂ ነው። ከዚህ በላይ አገርኛ ምን ሊመጣ ነው?

ደሞ የማን መቃብር እንደሆነ ይታሰብ እንጂ! ከማል ኦል ሞልክ የኢራንን ሥዕል ከድሮው ስልት ያወጣ ሰው ነው። «የመስታወት አዳራሽ» የሚባለውን ሥዕሉን ፎቶውን እንኳ ፈልጋችሁ እዩት። ጎለስታን ቤተ መንግሥት ውስጥ ናስር አል ዲን ሻህ ተቀምጧል፤ ግን ንጉሡ ከአዳራሹ ስፋት አንጻር ትንሽዬ ሰው ነው። ዓይን የሚይዘው የጣሪያው መስታወት፣ የተንጠለጠሉት መብራቶች፣ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃንና ወለሉ ላይ የሚያንጸባርቀው ነጸብራቅ ነው። ዓመታት ፈጅቶበታል። ንጉሡ ከሞተ በኋላ አውሮፓ ሄዶ በፓሪስና በፍሎረንስ ሙዚየሞች የእነ ሬምብራንትን ሥራ ፊት ለፊት እያየ ቀዳ። ተመልሶም ቴህራን ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ የተማረውን ለአገሩ ልጆች አስተማረ። የውጭውን ተምሮ የራሱ ያደረገ ሰው ነው እንግዲህ። እንዲህ ላለ ሰው የድሮ ዘመን ጉልላት አስመስሎ መሥራት ክብር አይደለም፣ ስድብ ነው። መቃብሩን «የፈረንጅ» ያለ ሰው ሥዕሎቹንም «የፈረንጅ» ማለቱ ነው፤ ይህን ደፍሮ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

በጣም የገረመኝ ግን ያው ልጅ እዚያው ከተማ ያለውን የገጣሚውንና የሒሳብ ሊቁን የዑመር ኻያምን መቃብር «ድንቅ» እያለ ማድነቁ ነው። ድንቅ ነው፣ ማንም አይክድም። ግን እሱንም የነደፈው ያው ሴይሁን ነው! ሁለቱም የተመረቁት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ኻያምም የድሮ ጉልላት የለው። ሐማዳን በምትባለው የኢራን ከተማ ያለው የጥንቱ ሐኪምና ፈላስፋ የኢብን ሲና መቃብርም የሴይሁን ነው፤ እሱ ደግሞ የጎንባደ ቃቡስን ጥንታዊ ግንብ ተከትሎ የተሠራ ነው። ሰውዬው የአገሩን አሮጌ ሥራ አብጠርጥሮ ያውቅ ነበር።

ከአጣር ጉልላት ጋር አይመሳሰልም ማለት ይቻላል፤ አይመሳሰልም። ለምን ይመሳሰል? አንዱ ገጣሚ ነው፣ አንዱ ሠዓሊ፤ በመካከላቸው ሰባት መቶ ዓመት አለ።

ሴይሁን እ.ኤ.አ. ከ1979ኙ የኢራን አብዮት በኋላ ከአገሩ ወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ ሞተ። አገሩ ውስጥ የቀረለት ሥራው ነው። እሱንም አንድ ከሰዓት ጎብኝቶ የሄደ መንገደኛ አፍርሱት ሲል እልፍ ሰው «ልክ ብለሃል» ይለዋል። ልክ አላለም፤ ቪዲዮውን የምትቀባበሉ ሰዎችም ሕንፃውን አንዴ ጠጋ ብላችሁ እዩት።