ማስተካከያ፦ ስለ አለርጂ የአፍንጫ ስፕሬይ

ስለ አበባ ብናኝ አለርጂ ስጽፍ «አፍንጫችሁ ሲታፈን የስቴሮይድ ስፕሬይ ተጠቀሙ፤ ወዲያው ይከፍታል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ወዲያው የሚከፍተው እንደ ኦክሲሜታዞሊን ያለው ሌላ ዓይነት የአፍንጫ ስፕሬይ ነው። እሱ ደግሞ ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰደ አፍንጫውን መልሶ ያፍነዋል።

የስቴሮይዱ ስፕሬይ ግን የአፍንጫን የውስጥ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ 2 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ብናኙ ከመጀመሩ 1 ወይም 2 ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩት፤ በየቀኑም ተጠቀሙ። እኔን አምናችሁ በ3ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብላችሁ የተዋችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ እንደገና ሞክሩት።

አጠቃቀሙንም አልነገርኳችሁም። አንገታችሁን ትንሽ ደፋ አድርጉ። በቀኝ እጅ ወደ ግራው ቀዳዳ፣ በግራ እጅ ወደ ቀኙ ርጩ። የስፕሬዩ ጫፍ ወደ መሃል (ሁለቱን ቀዳዳዎች ወደሚለየው ግድግዳ) ሳይሆን ወደ ጆሮ በኩል ይዘንበል፤ መሃሉ ላይ ሲያርፍ ሊያደማ ይችላል።