ወባው ቀንሶ ነው ወይስ አላየነውም?

ሰሞኑን ድሬ ላይ በተደረገ አንድ የጤና ስብሰባ፣ አንድ ኃላፊ ማይክ ይዘው አበሰሩን። ወባ ቀንሷል፤ ማስረጃው የፈጣን ምርመራው ውጤት ነው። ስለዚህ ያው ርጭት በያው ኬሚካል ይቀጥላል። ቢንቢዋ እንዳትላመደው ደግሞ መጠኑ ከፍ ይደረጋል። አዳራሹ አጨበጨበ። አቦ፣ ምኑ ነው የሚጨበጨበው?

ከቀላሉ ልጀምር። ቢንቢ ኬሚካል አትላመድም። ወይ ትሞታለች ወይ ትተርፋለች። የተረፈችው እንቁላሏን ትጥላለች፤ ልጆቿም የእሷን ተፈጥሮ ይዘው ይፈለፈላሉ። ያንኑ ኬሚካል ደጋግመን በረጨን ቁጥር የምንጠርገው ደካማዎቹን ነው፤ ቤቱን ለጠንካራዎቹ እያስለቀቅን። መጠኑን ብትጨምሩ ለይታችሁ የምታስቀሩት የባሰችውን ነው። ይህን ለማወቅ የባዮሎጂ ዲግሪ አያስፈልግም።

ደግሞ ስለ የትኛዋ ቢንቢ ነው የምናወራው? ድሬን ያመሰቻት አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ከእስያ የመጣች የከተማ ቢንቢ ናት። በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እዚሁ አገራችን ተይዛ ስትፈተሽ ብዙዎቹን የርጭት ኬሚካሎች ተቋቁማለች። ጅቡቲ በ2012 የመዘገበችው የወባ ታማሚ 27 ነበር፤ በ2020 ከ73 ሺህ አለፈ። ስቴፈንሳይ ረግረግ አትፈልግም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ክዳኑ የተሰበረ በርሜል ይበቃታል። ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ እጮቿ ውኃው ላይ ተጋድመው ይንሳፈፋሉ፣ በርሜሉን ነካ ስታደርጉት ሽው ብለው ወደ ታች ይወርዳሉ።

እኔን ያናደደኝ ግን ርጭቱ አይደለም። «ማስረጃው ፈጣን ምርመራው ነው» የሚለው ነው።

ምርመራውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጣት ይወጋል፣ አንዲት ጠብታ ደም ይደረጋል፣ ትንሽ ይጠበቃል። ሁለት መስመር ከወጣ ወባ አለ፤ አንድ ብቻ ከሆነ የለም። ከነዚህ ስትሪፖች ብዙዎቹ ፋልሲፓረም የሚባለውን ክፉውን ወባ የሚያውቁት ኤችአርፒ-2 በሚባል ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጎደላቸው ተሕዋስያን ግን አሉ። ስትሪፑ አያያቸውም። ታማሚው «ኔጌቲቭ ነህ» ተብሎ፣ ፓራሲታሞል ተሰጥቶት፣ ትኩሳቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ማታ ቢንቢ ትነክሰዋለች፤ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ። ስትሪፑ ያየው ሌላኛው ተሕዋስ ግን በመድኃኒት ተገድሏል። በሌላ አነጋገር ስትሪፑ ወባውን መመርመር ብቻ ሳይሆን ይመርጠዋልም። የማይታየውን እያራባ፣ የሚታየውን እያጠፋ። ከዚያ እኛ ስትሪፑን ቆጥረን ቀነሰ እንላለን!

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እንዲህ ያለው ተሕዋስ ፔሩ ውስጥ መኖሩ በ2010 ታትሟል። ኤርትራ ችግሩ ሲብስባት በ2016 ምርመራዋን ቀየረች። እኛም አገር በድንበር አካባቢዎች ከ12 ሺህ በላይ ሰው የተመረመረበት ጥናት በ2021 ወጥቷል። ከመቶ የፋልሲፓረም ታማሚ አሥር የሚጠጋው በዚህ ጉድለት ምክንያት ስትሪፑን ያመልጣል ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራ ይቀየር የሚለው ገና አምስት ከመቶ ሲያልፍ ነው። ድሬስ? በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት በነበረው ወረርሽኝ ከ2,400 በላይ ሰው ታሟል፤ በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 ነበር። ከታማሚዎቹ በተወሰደው ናሙና ውስጥም ጂኑ የጎደለው ተሕዋስ ተገኝቷል። ስብሰባው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል ብዬ ነበር የማስበው።

ነገሩ በወባ ብቻ አይቆምም። ሞዛምቢክ ውስጥ ከ1977 እስከ 1992 በነበረው ጦርነት የጎሮንጎሳ ዝሆኖች ለጥርሳቸው ሲባል ተጨፈጨፉ። ከጦርነቱ በኋላ ጥርስ የሌላቸው ሴት ዝሆኖች በዝተው ተገኙ። የባቢሌ ዝሆኖቻችንን ሳስብ ይህ ትዝ ይለኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም አብርሃም ዋልድ የተባለው የሒሳብ ሰው ከውጊያ የተመለሱ አውሮፕላኖች የተበሱበት ቦታ ተነገረው። የሚጠናከረው ያልተበሳው ቦታ ነው የሚል ነበር ድምዳሜው። እዚያ የተመቱት አልተመለሱማ! የኛ ኃላፊ ደግሞ የተመለሰውን ብቻ ቆጥረው ድል አወጁ።

ፈጣን ምርመራ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ገጠር ስንቱን አድኗል፤ እሺ፣ ይህን አልክድም። ድሬ ግን ማይክሮስኮፕ የሌለባት ከተማ አይደለችም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ቁጥሩ ሲነበብ አብሮ ይነበብልን። ስትሪፑ የትኛውን ፕሮቲን ነው የሚፈልገው? ኔጌቲቭ ተብለው ትኩሳታቸው ካልለቀቃቸው ሰዎች ስንቱ በማይክሮስኮፕ ታየ? የሚረጨው ኬሚካል ድሬ ላይ በተያዘች ስቴፈንሳይ መቼ ተሞከረ? መልስ ከሌለ ለመጠን መጨመሪያ የታሰበው ብር ለበርሜል ክዳን ይዋል።