ዛምቢያ ብቻ እንዳታሸንፍ

ሰሞኑን ሰፈራችን ለቅሶ ነበር። እድሩ ድንኳን ተክሏል። ወንዶቹ እንደ ደንቡ ጥግ ይዘው ካርታ ይጫወታሉ። ድንገት ነጥብ መያዣዋ ወረቀት ጠፋች። ስትፈለግ ስትፈለግ «ሂሳብ ሹም» የምንለው ጎረቤታችን እጅ ላይ ተገኘች። ጀርባዋ ላይ አሥራ ሁለት ሰንጠረዥ አስምሮበታል። አንደኛው ውስጥ ስፔን፣ ኡራጓይ፣ ሳዑዲ አረቢያና ኬፕ ቬርዴ ተደርድረዋል። ኬፕ ቬርዴ በእስክሪብቶ ተከባለች።

«ስማኝማ» አለኝ፣ የት እንዳለን ረስቶ። «ኬፕ ቬርዴ ሳዑዲን ብታሸንፍ፣ ከኡራጓይ ጋር አቻ ብትወጣ፣ ስፔን ደግሞ ብዙ ባታገባባት፣ በጥሩ ሦስተኝነት አለፈች በለኛ!»

የዓለም ዋንጫው ገና አልተጀመረም። የሟች ልጅ ንፍሮ የያዘ ሰፌድ ይዛ ፊታችን ቆማለች። እሱ ግን «ቆይ አንዴ» ብሎ የጎል ክፍያ፣ ማለትም ካገቡት ላይ የገባባቸውን እየቀነሰ፣ ይደምራል።

ኬፕ ቬርዴ ደግሞ ምኑ ናት? ጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ፣ በአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያ የምድብ ጨዋታችን 1 ለ 0 የረታችን አገር ናት። ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው። እሷ ለዓለም ዋንጫ አለፈች፣ እኛ ደግሞ ለእሷ ሂሳብ እንሠራለን። የእኛን የማጣሪያ ምድብ ግብጽ አንደኛ ሆና ጨረሰችው። ስለዚህ የሂሳብ ሹም እስክሪብቶ ሥራ ፈት ሆነና ሰው አገር ተቀጠረ።

ፊፋም አግዞታል፣ እውነቱን ለመናገር። ዘንድሮ 48 ቡድን ነው። 12 ምድብ፣ በየምድቡ አራት። ከየምድቡ ሁለት ያልፋል፣ ከሦስተኞቹ ደግሞ ስምንቱ ይጨመራሉ። 72 የምድብ ጨዋታ ተደርጎ የሚሰናበተው 16 ቡድን ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ዋንጫ ለመውደቅም ልዩ ችሎታ ይጠይቃል። ይሄን ስለው ሂሳብ ሹም ፖርቹጋልን ያመጣብኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ በምድቧ ሦስቱንም ጨዋታ አቻ ወጣች፣ ሦስተኛ ሆና አለፈች፣ መጨረሻ ላይ ዋንጫውን በላች። «አየህ?» ይለኛል። አየሁ። ፖርቹጋል ግን የሰራችው ሂሳብ የራሷን ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት በጣም ነው የምወደው። ሰው ባለላሙን ሲያፌዝበት ይገርመኛል። ሰውዬው ምን አጠፋ? በመጀመሪያ ላሟ የራሱ ናት። ከዚያ ደግሞ ወተቷን እንደማያይ ራሱ ተናግሯል። ማንንም አላታለለም፣ ከማንም ብድር አልወሰደባትም። እንዲህ ዓይነት ግልጽ ሰው ዛሬ ቢገኝ እኔ ራሴ እቁብ ዳኛ አደርገው ነበር። የእኛ የኳስ ሂሳብ ግን ከዚህም ይብሳል። ሰማይ ላይ የሰቀልናት የጎረቤትን ላም ነው። ለዚያውም የቡርኪና ፋሶን።

የቡርኪናን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ጥር 2005 ዓ.ም.፣ ደቡብ አፍሪካ። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ የገባን ጊዜ። ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ከዛምቢያ ጋር ተጋጠምን። ዛምቢያ ያኔ የዋንጫው ባለቤት ናት። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ተለያየን። ያን ቀን አገሩ እንዴት እንደጨፈረ የሚያስታውስ ያስታውሳል። በአራተኛው ቀን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አደረገችን።

እና ሂሳቡ የጀመረው ያን ማታ ነው። እኛ አንድ ነጥብ ይዘናል፣ የምድቡ ግርጌ ላይ ነን፣ የቀረን ናይጄሪያ ናት። ዲኤስቲቪ ቤት የነበረውን ድባብ ያየ ሰው ግን መሪዎቹ እኛ ይመስሉት ነበር። «ናይጄሪያን እናሸንፋለን፣ ዛምቢያ ብቻ እንዳታሸንፍ!» አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ይሄን ይላል። ልብ በሉ፣ «ናይጄሪያን እናሸንፋለን» የሚለው በአንድ ትንፋሽ ያልፋል። እሱ ያለቀ ጉዳይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የተከራከርነው ስለ ዛምቢያ ነው። የዛምቢያ አጥቂ፣ የዛምቢያ ድካም፣ ዛምቢያና ቡርኪና የሚጫወቱበት ሜዳ ሣሩ የተነቀለ መሆኑ።

ምን ሆነ? ዛምቢያና ቡርኪና ፋሶ 0 ለ 0 ወጡ። የታዘዙትን ፈጸሙልን! ሁለት አገር ተባብሮ የኢትዮጵያን ሂሳብ ልቅም አድርጎ ሠራ። ያልሠራነው እኛ ብቻ ነን። ቪክተር ሞሰስ በ80ኛውና በ90ኛው ደቂቃ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አገባብን። በሁለተኛው ላይ በረኛችን ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ፣ ቅያሪያችን አልቆ ነበርና ጓንቱን ያጠለቀው የሜዳ ተጫዋች ነው። ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ አለፉ፣ ሄደው ሄደውም ፍጻሜውን እርስ በርስ ተጫወቱ። እኛ ጋ ደግሞ ወሬው ምን ሆነ? «ዛምቢያ እኮ አላሸነፈችም ነበር።» ወይ አለማፈር!

ቂሜ ግን እሱ አይደለም። ቂሜ የመጣው በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ እሑድ ዕለት ነው። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ። አዲስ አበባ ስታዲየም ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን። ምድቡን አንደኛ ሆነን ጨረስን ተባለ። ከተማው በጡሩምባ ተናጋ። በዚያው ቀን ፊፋ ምርመራ መጀመሩን አሳወቀ። ለካ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ኖሯል። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ሦስት ነጥባችን ተነጠቀ።

ሁለት! እስከ መቶ ቁጠሩ የተባለ የለም። አንድ፣ ሁለት፣ በቃ፣ ይሄ ልጅ ዛሬ ይረፍ። ተጫዋቹን አልወቅስም፣ ግባ ሲሉት ገባ። የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። የዛምቢያን ድካም በኪሎ የሚመዝን ሕዝብ፣ የቡርኪናን ጎል በቃሉ የሚደምር ሕዝብ፣ የራሱን ሁለት ካርድ የሚቆጥርለት አንድ ሰው አጣ። ሁሉም «እሱንማ የሚቆጥር ሰው ይኖራል» ብሎ ተማምኖ ተኛ። ቢሮ ያለው ሜዳ ላይ ያለው ይቆጥራል ብሎ፣ ሜዳ ላይ ያለው ቢሮ ያለው ይቆጥራል ብሎ። ይሄ ነገር ኳስ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል ባልተናደድኩ። ውሃ ሲጠፋ፣ ሊፍት ሲቆም፣ መንገድ ተቆፍሮ ሲረሳ መልሱ ያው ነው። የሚመለከተው ሰው አለ ይባላል። ማንን ነው ግን የሚመለከተው?

ደግነቱ ቀጥሎ ሴንትራል አፍሪካን አሸንፈን ምድቡን እንደገና አንደኛ ሆነን ጨረስን። አንድን ምድብ ሁለት ጊዜ አንደኛ የወጣ አገር ከእኛ ሌላ ካለ ይነገረኝ። ከዚያ በጥሎ ማለፉ ማን መጣ? ናይጄሪያ። ስለ ናይጄሪያ አንዴ አውርቻለሁ፣ ይበቃኛል።

ለነገሩ እኛና ምድብ ድሮም ኮከባችን አይገጥምም። የአፍሪካ ዋንጫን የበላነው ምድብ ባልነበረበት ጊዜ ነው። 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተወዳደረው አራት ቡድን ብቻ ነበር። ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2፣ አለቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን ሲቀበል የጎል ክፍያ የጠየቀው የለም። በ1960 ዓ.ም. እዚሁ ስናዘጋጅ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ አሸንፈን አለፍን። ከዚያ ወዲህ ግን ከአፍሪካ ዋንጫ ምድብ ወጥተን አናውቅም። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ጭራሽ የዋንጫው ማብቂያ ራሱ ምድብ ሆኖ አረፈው። ለአራት የቀሩት ቡድኖች እርስ በርስ ተጫወቱና ሞሮኮ አዲስ አበባ ላይ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ወጥታ በነጥብ ዋንጫውን ይዛ ሄደች። ሰው ስታዲየም ገብቶ አቻ አይቶ፣ አቻው ዋንጫ ሆኖ ወጣ። ያኔ የነበሩ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ እስካሁን «ፍጻሜው መቼ ነው?» ይላሉ።

የምድብ መጨረሻ ላይ ሁለት ጨዋታ በአንድ ሰዓት የሚደረገውስ በማን ጦስ ነው? በሰኔ 1974 ዓ.ም. የስፔኑ ዓለም ዋንጫ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን አሸነፈች፣ ቺሊንም አሸነፈች፣ ሦስቱንም ጨዋታዋን ጨርሳ ቁጭ አለች። በማግስቱ ጀርመንና ኦስትሪያ ሂኾን ከተማ ላይ ተገናኙ። ጀርመን 1 ለ 0 ብታሸንፍ ሁለቱም ያልፋሉ። ጎሏ ገና በጠዋቱ ገባች፣ ከዚያ ኳሷን ሲቀባበሉ ሰዓቱን ገፉት። አልጄሪያ ተሰናበተች። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻዎቹ የምድብ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት ይጀመራሉ። ፍትሕ ነው፣ አልቃወምም። ግን መዘዙ የወደቀው ዲኤስቲቪ ቤት ላይ ነው። ሪሞት ኮንትሮሉ በየደቂቃው ይነጠቃል። ያልተከፈተውን ጨዋታ ደግሞ አንዱ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ይጮሃል። «እዚያ ገባ! እዚያ ገባ!» ወንድሜ፣ የከፈልነው እዚህ እንድናይ ነው።

የሚጮኸው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ይሄው ሰው ካፌ አብሮን ሲቀመጥ አራት ማኪያቶና ሁለት ሻይ ስንት እንደሆነ መደመር ያቅተዋል። አስተናጋጇ ስትመጣ ስልኩ ይጠራል፣ ተነስቶ በር ላይ ያወራል። የአሥራ ሁለት ምድብ ጎል የሚያወራርድ ሰው!

የሆነ ሆኖ ይሄን ሁሉ ያናገረኝ የወረቀቷ ነገር ነው። ካርታ ተጫዋቾቹ ነጥባቸውን በቃል አስታውሰው ቀጠሉ፣ ተጣሉም። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ወረቀቷ ግርጌ ላይ፣ ከኬፕ ቬርዴ ሰንጠረዥ በታች፣ የእኛን የሚቀጥለውን ማጣሪያ ከአሁኑ ጀምሮታል። ምድቡ ገና አልወጣም፣ ተጋጣሚም የለም። እሱ ግን «በሜዳችን፦ 9 ነጥብ» ብሎ አስምሮበታል። የቱ ሜዳችን? ስታዲየሞቻችን መስፈርት አላሟሉም ተብሎ ግብጽን እንኳ «በሜዳችን» ያስተናገድናት ሞሮኮ ሄደን ነው። ዘጠኙን ነጥብ ይመዝግብ፣ ግድ የለም። ከጎኑ ግን የአውሮፕላን ትኬቱንም ይደምርበት፣ የደርሶ መልሱን።